ኩላሊት ለተተከለለት ሰው፦ ክሬቲኒኑንና ሌላውን ምርመራ በደብተር እንዴት እንደምትከታተሉ

ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ኩላሊት የተተከለለት ወንድሜ ክሬቲኒኑ፣ ማለት ኩላሊት እንዴት እየሰራ እንደሆነ በደም የሚታይበት ቁጥር፣ 1.2 መጣ። ወረቀቱ ላይ ከጎኑ ኖርማል ሬንጅ የሚለው ከ0.7 እስከ 1.3 ነው፣ ውጤቱን የሰጠን ልጅም አየት አደረገና "ኖርማል ነው፣ ምንም የለበትም" ብሎ ሸኘን። ወንድሜ ደስ ብሎት ከፒያሳ በእግሩ ካልሄድኩ ሲል እኔ ባጃጅ ውስጥ ደብተሩን አወጣሁና አየሁት፣ ያለፉት ስድስት ውጤቶች 0.9፣ 0.9፣ 0.8፣ 0.9፣ 0.9፣ 0.9 ናቸው። በስልኬ ካልኩሌተር 1.2ን ለ0.9 አካፈልኩት፣ 1.33 መጣ። ማለት ከራሱ ልክ በ33 በመቶ ጨምሯል። ከሁለት ቀን በኋላ ደገምነው፣ 1.3 ሆነ፣ እሱም ወረቀቱ ላይ ኖርማል ነው። ሐኪሙ ጋ ደወልን፣ አዲስ አበባ ሄድን፣ ባዮፕሲ ተሰራለት፣ ማለት ከኩላሊቷ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ታየ፣ ሪጀክሽን ጀምሮታል ተባለ፣ ሰውነቱ የተተከለችውን ኩላሊት ማጥቃት ጀምሯል ማለት ነው። ለሦስት ቀን በደም ስር ስቴሮይድ ወሰደና ቀስ ብሎ ወደ 1.0 ተመለሰ።

ይሄን የምጽፈው ለዛ ነው። ኩላሊቷን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ እህቱ፣ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ደብተሩን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ባለፉት ዓመታት እየጠየቅኩ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ። ንቅለ ተከላ አገራችን ውስጥ በ2008 ዓ.ም ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከተጀመረ ወዲህ፣ ውጭ አገር ተሰርቶላቸው የመጡትም ሲጨመሩ፣ እንደኛ ከማዕከሉ ርቆ በየከተማው የሚኖር ሰው በዝቷል። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም አለ፣ ስለዚ ችግሩን ቀድሞ ማየት ለኛ ቅንጦት አይደለም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል፣ ላብ ወረቀት ላይ ያለው ኖርማል ሬንጅ የተዘጋጀው ለጠቅላላው ሕዝብ ነው፣ ለናንተ ሰው አይደለም። የተተከለለት ሰው የሚሰራለት አንድ ኩላሊት ነው፣ ለአንዱ 0.9 ልኩ ነው፣ ለሌላው 1.6 ልኩ ነው፣ 1.6 ሆኖ ለዓመታት ሳይነቃነቅ የሚኖር ሰው ከ0.9 ተነስቶ 1.3 ከገባ ሰው ይሻላል። የሚታየው ቁጥሩ ብቻ አይደለም፣ ቁጥሩ ከየት ተነስቶ ወዴት እየሄደ ነው የሚለው ነው። ሐኪሞቹ ቤዝላይን የሚሉት እሱን ነው። እኛ ቤዝላይኑን ያወጣነው ከ3ኛው ወር በኋላ ሲረጋጋ የመጡትን ሦስት ተከታታይ ውጤቶች ደምረን ለሦስት አካፍለን ሐኪሙን "ይሄን እንያዘው ወይ" ብለን ጠይቀን ነው። እናንተም ለሐኪማችሁ "የሱ ቤዝላይን ስንት ነው" ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁና ደብተሩ ሽፋን ላይ በትልቁ ጻፉት። ከዛ በኋላ ውጤት በመጣ ቁጥር አዲሱን ለቤዝላይኑ ማካፈል ነው፣ 1.25 ወይም ከዛ በላይ ከመጣ ያን ቀን ስልክ መደወል ነው፣ ወረቀቱ ላይ ከኖርማል ወጥቷል የሚል የኮከብ ምልክት ቢኖርም ባይኖርም።

ክሬቲኒን ማለት ጡንቻ ሲሰራ የሚያወጣው ቆሻሻ ነው፣ ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል፣ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ርካሽ ነው፣ የትም ይሰራል፣ ግን ዘግይቶ ነው የሚናገረው፣ ሪጀክሽን ከጀመረ በኋላ ነው ከፍ የሚለው። ለዛ ነው ቶሎ ቶሎ መለካት የሚያስፈልገው። ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሐኪሞች መመሪያ በ2009 እ.ኤ.አ ያወጣው እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ፣ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ሳምንት በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ 2ኛና 3ኛ ወር በየሳምንቱ፣ ከ4ኛ እስከ 6ኛ ወር በየሁለት ሳምንቱ፣ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ወር በየወሩ፣ ከዛ በኋላ በየ2 ወይም በየ3 ወሩ። የናንተ ሐኪም ሌላ ፕሮግራም ከሰጣችሁ የሱን ያዙ። ግን ሦስት ወር ሲባል ስድስት ወር እንዳይሆን፣ ደህና ነኝ ብሎ መቅረት እዚ ጋ አይሰራም፣ ምክንያቱም የአሁኑ ሪጀክሽን አብዛኛው ምንም ሳያም ነው የሚመጣው።

ክሬቲኒን ያለ ሪጀክሽንም ይጨምራል፣ እሱን ሳያውቁ ደግሞ በከንቱ መደንገጥ አለ። ውሃ ሳይጠጣ የዋለ ሰው ይጨምርበታል። ማታ ጥብስ በደንብ በልቶ ጠዋት ደም የሰጠ ሰው ይጨምርበታል፣ የበሰለ ስጋ ውስጥ ራሱ ክሬቲኒን አለ። ከንቅለ ተከላ በኋላ ለኢንፌክሽን መከላከያ የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል ኩላሊቱን ሳይጎዳ ቁጥሩን ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ስለዚ ምርመራ ከመሄዳችሁ በፊት ያለውን ማታ ስጋ አታብዙ፣ ውሃ በደንብ ይጠጣ፣ የወሰደውን መድኃኒት ሁሉ ደብተሩ ላይ ጻፉ። የቻላችሁትን ያህል ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ላብ ተጠቀሙ፣ ክሬቲኒንን የሚለኩበት ዘዴ ከላብ ላብ ይለያያል፣ እዚ ጎንደር አዘዞ ያለው ላብ 1.0 ያለውን ማራኪ ያለው ላብ 1.15 ቢለው ኩላሊቱ ተቀየረ ማለት ላይሆን ይችላል። አንዳንዱ ላብ ደግሞ ማይክሮሞል በሚባል ሌላ መለኪያ ነው የሚጽፈው፣ 106 የሚል ቁጥር አይታችሁ እንዳትደነግጡ፣ ለ88.4 ስታካፍሉት 1.2 ነው።

ጾም ላይ አንድ ነገር ማለት አለብኝ ምክንያቱም እዚ ጎንደር ይሄ ትልቅ ጉዳይ ነው። ወንድሜ ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ ካልዋልኩ ብሎ ነበር፣ እናታችንም በልቧ ደስ ብሏት ነበር። የነፍስ አባታችን ናቸው ቤት ድረስ መጥተው "ልጄ፣ በሽተኛ መድኃኒቱ ነው ጾሙ፣ ውሃህን ጠጣ" ያሉት፣ ከሳቸው ሲመጣ ነው የሰማው። ከፍስክ ምግብ መጾም ይችላል፣ ውሃና መድኃኒት ግን አይጾምም። እናንተም ሐኪም ብቻውን ካልተሰማ የነፍስ አባትን አነጋግሩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ የታክሮሊመስ መጠን። እኔ ከክሬቲኒን እኩል የማየው እሱን ነው። ሰውነት የሰው ኩላሊት መሆኑን አውቆ እንዳያጠቃው የሚያደርገው ዋናው መድኃኒት ነው፣ ሲያንስ ሪጀክሽን ይመጣል፣ ሲበዛ ራሱ መድኃኒቱ ኩላሊቱን ይጎዳል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ራስ ያሳምማል፣ ስኳር ያመጣል። መሃሉ ጠባብ ነው። ብዙ ቦታ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከ8 እስከ 12፣ ከዛ በኋላ ከ5 እስከ 8 አካባቢ እንዲሆን ይፈልጋሉ፣ የናንተን ግን ከሐኪማችሁ ተቀበሉና ከቤዝላይኑ ስር ጻፉት።

ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። የሚለካው መድኃኒቱ ደም ውስጥ በጣም ባነሰበት ሰዓት ነው፣ ማለትም ከወሰደው 12 ሰዓት በኋላና ቀጣዩን ከመዋጡ በፊት። ወንድሜ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ነው የሚወስደው፣ ስለዚ በምርመራው ዋዜማ ማታ 2 ሰዓት የዋጠውን ሰዓቱን ጽፈን፣ ጠዋት ሳይውጥ ኪኒኑን ኪሱ ይዞ ሄዶ፣ 2 ሰዓት ላይ ደም ሰጥቶ እዛው ወንበር ላይ ይውጣል። ውጦ ከሄደ ቁጥሩ በውሸት ከፍ ይላል፣ ሐኪሙ በዛ ተሳስቶ መጠን ከቀነሰ ደግሞ ጥፋት ነው። ወረፋ ኖሮ 4 ሰዓት ላይ ከተቀዳ "14 ሰዓት ሆኖታል" ብላችሁ ጻፉ። ሳምፕሉ የሚቀዳው ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ነው፣ መድኃኒቱ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ስለሚቀመጥ የሚለካው ከሙሉ ደሙ ነው። ወደ ሌላ ከተማ ተልኮ የሚሰራ ከሆነ በቅዝቃዜ መሄዱንና ቱቦው ላይ ስምና ሰዓት በትክክል መጻፉን ቆማችሁ እዩ።

ክሬቲኒኑንና ታክሮሊመሱን ጎን ለጎን በአንድ መስመር ጻፉ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚያወሩት። ክሬቲኒን ጨምሮ ታክሮሊመስ 14 ከሆነ መድኃኒቱ በዝቶ ሊሆን ይችላል ይባላል፣ ክሬቲኒን ጨምሮ ታክሮሊመስ 3.8 ከሆነ ግን ሪጀክሽን ነው መጀመሪያ የሚታሰበው። የወንድሜ 3.8 ነበር። ለካ ከገና ጀምሮ የማታውን ሲያሳልፍ ቆይቷል፣ ዘመድ ቤት ያመሻል፣ ከተራ ላይ ጓደኞቹ ጋ ነው፣ መድኃኒቱ ቤት ነው። ልቆጣው ፈልጌ ነበር፣ ግን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ እንደማንኛውም ልጅ መኖር ነው የፈለገው። አሁን ለሁለት ቀን የሚሆን ጃኬቱ ውስጥ ሁልጊዜ አለ፣ ስልኩ ይጮሃል፣ ካልመለሰ እኔ እደውላለሁ።

ቁጥሩ አንዴ 4፣ አንዴ 11፣ አንዴ 6 የሚል ከሆነ አማካዩ ጥሩ ቢመስልም ጥሩ አይደለም፣ እንዲህ የሚዋዥቅባቸው ሰዎች ኩላሊታቸው ቶሎ እንደሚጎዳ በጥናት ታይቷል። የሚያዋዥቀው ብዙ ጊዜ ሰዓት አለመጠበቅ ነው፣ ወይም ሌላ መድኃኒት ነው። ክላሪትሮማይሲን፣ ኢሪትሮማይሲን፣ ፍሉኮናዞል ታክሮሊመስን በጣም ከፍ ያደርጉታል። የቲቢው ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታዎቹ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ደግሞ ወደ ታች ይጥሉታል። ቲቢ አገራችን ውስጥ ብዙ ስለሆነ ይሄን በደንብ ያዙት፣ ቲቢ ተገኘበት ተብሎ መድኃኒት ሲጀመርለት የኩላሊት ሐኪሙ ሳያውቅ አንድ ቀን ማደር የለበትም። ተቅማጥ ሲይዘው መጠኑ ከፍ ይላል፣ ስለዚ ሆዱን ሲያመው መለካት ነው። ፋርማሲው የሌላ ፋብሪካ ታክሮሊመስ ከሰጣችሁም ንገሩና እንደገና ይለካ። የማያውቁትን ቅጠልና ሥር አፍልቶ መጠጣት እሱ ይቅር፣ አክስቶቻችን በፍቅር ነው የሚያመጡት፣ አመስግኖ ማስቀመጥ ነው። ለወገብ ህመም ተብሎ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም አይሆንም፣ በቀጥታ ኩላሊቱን ነው የሚመቱት።

ሽንት። የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ነው መስጠት፣ የሚፈለገው ፕሮቲንና ክሬቲኒን ተነጻጽረው የሚወጣው ቁጥር ነው፣ 0.2 አካባቢና ከዛ በታች ጥሩ ነው፣ ከ0.5 ካለፈና እዛው ከቆየ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። በመጀመሪያው ወር አንዴ ተለክቶ መነሻው ይያዛል፣ የመጀመሪያውን ዓመት በየሦስት ወሩ፣ ከዛ ቢያንስ በዓመት አንዴ። በእንጨቷ ብቻ የሚታየው ተራ የሽንት ምርመራ "ፕላስ" ካለ በቁጥር ይለካልኝ በሉ። ቤት ውስጥ ሽንቱ እንደ ሳሙና አረፋ የሚቆይ ከሆነ እሱም ምልክት ነው።

ከነዚህ ከፍ ያሉ ምርመራዎችም አሉ፣ ስማቸውን ማወቁ ጥሩ ነው ምክንያቱም ሐኪሙ ሊያዝላችሁ ይችላል፣ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችሁም ይጠይቋችኋል። አንዱ ዲኤስኤ የሚባለው ነው፣ የተቀባዩ ሰውነት በሰጪው ኩላሊት ላይ ለይቶ ያዘጋጀው ፀረ እንግዳ አካል አለ ወይ የሚለውን ያያል። ከንቅለ ተከላ በፊት ያልነበረ ከኋላ ከመጣ ኩላሊቱ እየተጠቃ ነው ወይም ሊጠቃ ነው ማለት ነው፣ መድኃኒት እያሳለፉ የቆዩ ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል። ብዙ የወለደች ወይም ብዙ ደም የተሰጣት ሴት ከመጀመሪያውም ሊኖራት ይችላል።

ሌላው ከደም ውስጥ የሰጪውን ዲኤንኤ የሚፈልገው ነው። የተተከለችው ኩላሊት ሴሎቿ ሲጎዱ የዲኤንኤ ቁርጥራጭ ወደ ደም ይለቃሉ፣ ላቡ የተቀባዩን ከሰጪው ለይቶ በመቶኛ ይነግራችኋል። ይሄን ሲነግሩኝ ዝም አልኩ፣ ወንድሜ ደም ውስጥ የኔ ዲኤንኤ እየዞረ ነው ማለት ነው። ከ1 በመቶ በላይ ሲሆን ያስጠረጥራል። በ2017 እ.ኤ.አ አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት ከ1 በመቶ በላይ ከሆነባቸው ሰዎች 61 በመቶው እውነትም ሪጀክሽን ነበረባቸው፣ ዝቅ ካለላቸው 84 በመቶው አልነበረባቸውም። ማለት ይረዳል እንጂ ብቻውን አይፈርድም፣ ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርገዋል። ተራ ላብ የሚሰራው አይደለም፣ ልዩ ማሽንና ልዩ ቱቦ ይፈልጋል፣ ዋጋውም ከባድ ነው፣ ስለዚ እሱ የለንም ብላችሁ እንዳታዝኑ፣ እኛ ሪጀክሽኑን የያዝነው በክሬቲኒንና በእስክሪፕቶ ነው። ከአንድ እንቁላል ለወጡ መንትዮች ደግሞ ጭራሽ አይሰራም፣ ዲኤንኤያቸው አንድ ነው። መጀመሪያ በ1954 እ.ኤ.አ ቦስተን ላይ የተሳካው ንቅለ ተከላ በእንደዚህ አይነት መንትዮች መካከል ነበር፣ ለዛ ነው ያለ ታክሮሊመስ የኖረው፣ ሰውነቱ ባዕድ መሆኑን አላወቀም።

ቢኬ ቫይረስም አለ። ብዙ ሰው ውስጥ ተኝቶ የሚኖር ቫይረስ ነው፣ መከላከያችን በመድኃኒት ሲዳከም ተነስቶ የተተከለውን ኩላሊት ይበላል፣ ክሬቲኒኑም ልክ እንደ ሪጀክሽን ይጨምራል። ቫይረሱን ራሱን በሚፈልግ ፒሲአር በሚባል የደም ምርመራ ይታያል፣ በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት በየወሩ፣ ከዛ እስከ ዓመቱ በየሦስት ወሩ እንዲታይ ይመከራል። እዚ ላይ ቆም በሉ፣ የሪጀክሽን ሕክምና መድኃኒት መጨመር ነው፣ የቢኬ ሕክምና ግን መድኃኒት መቀነስ ነው፣ ምልክታቸው አንድ ሆኖ መፍትሄያቸው ተቃራኒ ነው። ስለዚ ክሬቲኒን ጨመረ ብሎ ቤት ውስጥ ስቴሮይድ መጨመር ወይም ታክሮሊመስ መቀነስ በፍፁም አይደረግም፣ በፍፁም።

የሚለየው በመጨረሻ ባዮፕሲ ነው። ወንድሜ በጣም ፈርቶ ነበር፣ እኔም። ቦታውን ያደነዝዙታል፣ በአልትራሳውንድ እያዩ በቀጭን መርፌ ትንሽ ቁራጭ ይወስዳሉ፣ ከዛ በጀርባ ተኝቶ መቆየት ነው፣ ሽንቱ ላይ ደም ይታያል ወይ ብለው ይከታተላሉ። ቁራጯን በማይክሮስኮፕ አይተው ባንፍ በሚባለው አመዳደብ ይጽፋሉ፣ ካናዳ ውስጥ ባለች ከተማ ስም ነው የተሰየመው፣ በ1991 እ.ኤ.አ እዛ ተሰብስበው ስለጀመሩት። የውጤቱን ኮፒ ለምናችሁም ቢሆን ያዙ፣ ለሌላ ጊዜ ያስፈልጋል።

ቤት ውስጥ የደም ግፊት መለኪያ፣ ቴርሞሜትርና ሚዛን ይኑራችሁ። በየጠዋቱ ሳይበላ መመዘን፣ በአንድ ቀን 1 ኪሎ ከጨመረ ውሃ እየያዘ ነው። ትኩሳት 38 ከደረሰ፣ ሽንት ከቀነሰ፣ እግር ካበጠ፣ ግፊት ካለልማዱ ከወጣ፣ ወይም ኩላሊቷ ያለችበት ታችኛው ሆድ ካመመ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም።

እንግዲህ ቁጥሩ የጨመረ ቀን እኛ የምናደርገው ይሄ ነው። ውሃ ጠጥቶ በ24 ወይም 48 ሰዓት ውስጥ እዛው ላብ ይደገማል፣ ታክሮሊመስና ሽንት አብሮ ይታዘዛል፣ አሁን ግን ድጋሚውን እየጠበቅን ለሐኪሙ እንደውላለን፣ ውጤት እስኪመጣ ብለን አንዘገይም። የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልካለሁ፣ ኢንተርኔት ከሌለ በስልክ አነብለታለሁ፣ ያን ጊዜም በስልክ ነው ያነበብኩለት፣ "ቤዝላይን 0.9፣ ጥር 14 ቀን 1.2፣ ጥር 16 ቀን 1.3፣ ታክሮሊመስ 3.8፣ የተቀዳው በ12 ሰዓቱ፣ ተቅማጥ የለም፣ አዲስ መድኃኒት የለም" ብዬ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም፣ እሱም ሌላ ሳይጠይቅ "ነገ ተነሱ" አለን። ቦርሳው ሁልጊዜ በር ጀርባ ዝግጁ ነው፣ ውስጡ የአንድ ወር ትርፍ መድኃኒት፣ የኦፕራሲዮኑ ወረቀት፣ የደም ዓይነታችን፣ የሱም የኔም፣ ደብተሩና ሁለት እስክሪፕቶ አለ።